ሊደመጡ የሚገባቸው አምስት ፖድካስቶች

መነፅር ሠሪው ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ ማይክሮፎኑን በብብቱ ሸጉጦ አማቱ ክፍል ይገባል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ሲታይ ስለኖረው የጠፈር መርከብ ድራማ የሚያወራበት ፖድካስት አለው። ለቀረጻ ከቤቱ ሁሉ የሚመቸው የእሳቸው ክፍል ነው፤ ወፍራም መጋረጃ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ አንዲት ሹራብ የሚሠሩ አሮጊት፤ ሌላ ኮሽታ የለም።

አማቱ ጆሯቸው ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚያነጋግራቸው ሰው ወረቀት ላይ ይጽፍላቸዋል። መጻፍ ደግሞ ስለሚሰለች ከዚያ ወዲህ የጨቀጨቃቸው የለም። ልጃቸው የሹራብ ንድፍ እንዲያዩበት የገዛችላቸውን ታብሌት ጭናቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። አማችየው ሲቀዳ አንዳንዴ መርፌያቸውን ቆም ያደርጋሉ፤ ረድፍ እየቆጠሩ ይመስላል።

የድራማው አፍቃሪዎች የሚያነቡት መጽሔት በየዓመቱ «ሊደመጡ የሚገባቸው አምስት ፖድካስቶች» ይመርጣል። መነፅር ሠሪው አራት ዓመት አንደኛ ወጥቷል፤ ገጹን ቆርጦ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ዘንድሮ ግን «እርማት» የሚባል ጉደኛ መጣ። ድምፁ በኮምፒውተር የተለወጠ፣ ስም የለው፣ መልክ የለው፤ ሥራው የመነፅር ሠሪውን ስህተት እየለቀሙ ማረም ብቻ። ሰው ወደደው፣ አንደኛም ወጣ። መነፅር ሠሪው ከዝርዝሩ ጭራሽ ወደቀ። ያን ሰሞን እህል አልወርድ አለው።

ይባስ ብሎ «እርማት» እሁድ ጠዋት የሚያርመው፣ እሱ ገና ሰኞ ሊለቀው ያሰበውን ነው። እንግዲህ ጠላት ያለው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

ከሚስቱ ወንድም ሌላ ማን ይሆናል? አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ክፍሉ ከአሮጊቷ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ድራማውን በቃሉ ይወጣዋል። በዚያ ላይ ያለ ምክንያት ፈገግ ይላል።

መነፅር ሠሪው ወጥመድ አሰበ። የመርከቧ ሐኪም በአሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ መሞቱን አሳምሮ እያወቀ፣ ቅዳሜ ዕለት «በአሥራ አራተኛው ሞተ» ብሎ ቀዳ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። እሁድ ጠዋት ያ የተለወጠ ድምፅ ሐኪሙ አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ ሳያይ ማረፉን በትሕትና አስታወሰ።

ደሙ ፈላ። ሾፌሩን ዛሬውኑ ቤቴን ልቀቅ አለው። ሾፌሩ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ እንደነበር ቢምል ቢገዘት ማን ሊሰማው። ስልክህን ግድግዳው ሥር ትተህ ነው የቀዳኸኝ ተባለ።

ሚስትየዋ አለቀሰች። ልመናው አልሠራ ሲል ዓይኗን ጠርጋ የራሷንም ሻንጣ አወረደች።

«ወንድሜ ከወጣ እኔም አልቀርም» አለችው።

መነፅር ሠሪው ሚስቱን ይወዳታል። ግን አንዴ ተናግሯል፣ መመለሱ ሞት መሰለው። ወንድምና እህት ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ ይዘው ቆመዋል። አሮጊቷም ሹራባቸውን እንደያዙ ከክፍላቸው ብቅ ብለዋል። እሱ ለአሮጊቷ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሚስቱን ያግባባል።

«አንቺ ምን አደረግሽኝ? የቤት ጠላት እኮ እንዲህ ነው። የመርከቧን አዛዥስ ለጠላት አሳልፎ የሰጠው የሚስቱ ወንድም አይደል?»

«የሚስቱ ወንድም አይደለም» አሉ አሮጊቷ ከኋላው፤ «አማቱ ናት።»