የአውራ ጣት ስርጉድ

ቀቢው የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ የመኪናዋን መሪ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረው። እሰይ! ጥቁር ቀለሙ ፊት ያሳያል። ፀሐይ ሰነጣጥቃው ውስጡ ያለው ብረት ይታይ የነበረው ያ አሮጌ መሪ ነው ቢሉት ማን ያምናል? ስንጥቁን በሞረድ አስፍቶ፣ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም ደራርቦ ይኸው ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ አስመስሎታል። የመኪና ቀቢ ስንት ዓይነት አለ፤ የእሱ እጅ ግን የታወቀ ነው።

መኪናዋ የሚስቱ የቀድሞ ባል፣ የሟቹ ናት። ቤቱም የሟቹ ነው፤ የለበሰው የሥራ ካፖርት እንኳ የሟቹ ነው። ሚስቱን ካገባ ሁለተኛ ዓመቱን ቢይዝም ያ ሰውዬ ከቤቱ አልወጣም። የግቢው በር ሲንቋረር እሱ የመጣ እየመሰለው ስንቴ ዞር ብሏል! አመሻሹ ላይ ሚስቱ መኪናዋ ውስጥ ትገባና በሹፌሩ ወንበር ተቀምጣ፣ መሪውን ይዛ ትቆያለች። እሱ በመስኮት ያያታል። በሞተ ሰው መቅናት ያሳፍራል፤ ግን ይቀናል። መሪውን ያደሰውም ለዚሁ ነበር። መኪናዋን አስነስቶ፣ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ አንድ ቀን እንኳ የዚህ ቤት አባወራ ለመሆን።

"ነይ እስቲ፣ ጉድ እይ!" ብሎ ተጣራ።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። "ውይ! ይሄ የእኛው ነው? እጅህ ይባረክ!" እየሳቀች ገብታ መሪውን ያዘችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። የግራ አውራ ጣቷ ትንሽ ወደ ላይ ሄደ፣ ትንሽ ወደ ታች ተመለሰ፣ ከዚያም መሪውን ዙሪያውን ዳበሰው። ሳቋ ጠፋ።

"የት አደረግኸው?" አለችው።

"ምኑን?"

"አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበትን።"

ቀቢው ክው አለ። ከስንጥቆቹ ራቅ ብሎ፣ በግራ በኩል፣ አንድ ልሙጥ ስርጉድ ነበር። ቀቢ ደግሞ ስርጉድ አይወድም፤ ጣቱ ትንሽ ከሰመጠ ሳያስብ ስቱኮ ይጭንበታል።

"ተበልቶ መስሎኝ..."

"እሱ ነዋ የበላው። ሃያ ዓመት ሙሉ።"

አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ሞረዱን አነሳ።

"አሳዪኝ" አለ።

ጣቱን ይዛ ቦታው ላይ አስቀመጠችለት። ቦታውን ሞረደው። ያ የደከመበት ቀለም ባንድ ጊዜ ተገፈፈ። አውራ ጣቷን አስገብታ ሞከረችው።

"ወደ ውስጥ ጨምር።"

ጨመረ።

"ኧረ ጠበበ፤ የእሱ ጣት ወፍራም ነበር።"

አሰፋው። አንድም ቀን አይቶት የማያውቀውን ሰው ጣት በገዛ እጁ እየቀረጸ ነው። ቀስ በቀስ ጣቱን እያወቀው መጣ፦ ወፍራም፣ ወደ ጎን ዘመም ያለ፣ ጫፉ ላይ ጠንከር አድርጎ የሚጫን። የማጅራቱ ፀጉር ቆመ። ቢሆንም ሞረዱን አላስቀመጠም።

"እዚያ ጋ! በቃ፣ በቃ።"

አቧራውን እፍ አለው። አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ጎን ወንበር ተንፏቀቀች።

"ግባ" አለች።

ሥራውን ከጀመረ ጀምሮ ሲጠብቃት የነበረ ቃል ናት። ገባ። በሩን ዘጋ። ወንበሩ እሷ ከተቀመጠችበት ሞቅ ብሏል። ሻሿን አስተካክላ፣ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ፊት ለፊት የግቢውን አጥር ታያለች።

"እንሂድ" አለች።

ለእሱ ትበል ለሟቹ አላወቀም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረና መሪው በራሱ እስኪዞር ጠበቀ።