የተጨበጠው ይዘገያል

አትጠገብን ታውቋታላችሁ፤ ዲላ፣ ፈይሰል ሱቅ በረንዳ ላይ በርበሬና ቅመም የምትሸጠው፣ ድምጿ ከእሷ ቀድሞ የሚደርሰው። ልጇ አማኑ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሞያሌ መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠበትና እዚያው ቀበሩት።

የነገሯት ጎረቤቷ አቶ ጎሹ ናቸው። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ምን ልበላችሁ ልጆቼ፣ መልሳ ዘጋችው።

"እህቱ ማርቲ እንዳትሰማ" አለች።

"የወንድም ሞት እንዴት ይደበቃል፣ አንቺ?"

"ትምህርቷን እስክትጨርስ ነው። ከሰማች ትተወዋለች። ያስተማራት እሱ፣ ድካሙ ውሃ ይብላው? ስትጨርስ በማለዳ መጥተው መርዶውን ይነግሩልኛል።"

አቶ ጎሹ የእድሩ ጡሩምባ እንዳይነፋ ከለከሉ። ድንኳን አልተተከለም። አትጠገብ ፀጉሯን እንኳ አልተላጨችም፤ ልጅቱ ታይባታለቻ። ጥቁሩን ከውስጥ፣ አበባውን ቀሚስ ከላይ ለብሳ ዋለች።

ማርቲ የምታድረው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ትመጣለች። ያን ሰሞን ሻሽ ማሰር ጀመረች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? መነኮስሽ እንዴ?" አለቻት እናቷ እየሳቀች። ያ ሳቅ ምን ያህል እንደከበዳት እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

"ላቦራቶሪ ማሽኑ ላይ ፀጉር እንዳይወድቅ ነው፣ እማዬ።"

"ይሄ ማሽንሽ ስጋሽን ጨረሰው እኮ!"

ስለ ወንድሟ ግን አልጠየቀችም። ጥናቱ አስረስቷት ነው ብላ አትጠገብ ተመስገን አለች። ትንሽም ከፋት፤ እናት አይደለች? ወሬው ወደ አማኑ እንዳይሄድ ደግሞ ቶሎ ብላ፣ "እስቲ ምን እንደምትሠሪ ንገሪኝ" አለቻት።

ማርቲ ሁለት መዳፎቿን ፊት ለፊት አቆመች።

"እያቸው። አንዱ የሌላው መስታወት ነው። መድኃኒት ውስጥም እንዲህ መንታ የሆኑ ደቃቅ ነገሮች አሉ። በዓይን አይለዩ፣ በሚዛን አይለዩ። ግን አንዱ ሲያድን ሌላው ሊጎዳ ይችላል።"

"ታዲያ በምን ትለዩአቸዋላችሁ?"

"ቀኝሽን ስጪኝ።" በቀኟ ጨበጠቻት። "አሁን ግራሽን።" ግራው ለቀኟ አልገጥም አለ። "አየሽ? በቱቦ ስናሳልፋቸው ውስጡ የሚጨብጣቸው ነገር አለ። የገጠመለትን ይዞ ያቆየዋል፤ ያልገጠመው ቀድሞ ያልፋል። እንዴት እንደተጨባበጡ ግን ዓይን አያይም። ብርሃን እንልክባቸዋለን፤ ከብርሃኑ የቱን እንደዋጡ፣ የቱን እንዳሳለፉ አይተን እንደርስበታለን። የኔ ሥራ እሱ ነው።"

"የተጨበጠው ይዘገያል፣ ያልተጨበጠው ያልፋል" አለች አትጠገብ። ድምጿ ሊሰበር ሲል ሳል አስመሰለችው። "በርበሬው ነው።"

እጇን ግን አልለቀቀችም። ማርቲም አልለቀቀቻትም።

ሌላ ቅዳሜ ማርቲ በፈይሰል ሱቅ ፌስታል ብርድ ልብስ ይዛ መጣች።

"አማኑ ነው የላከልሽ። ለአንድ ሹፌር ሰጥቶት ነው።"

አትጠገብ ብርድ ልብሱን ተቀበለች። ሳይሞት የላከው ነው፣ መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው አለች በሆዷ።

"ተባረክ፣ የኔ ልጅ" ብላ ጓዳ ገባች። ብርድ ልብሱን አፏ ላይ ጠቅጥቃ አለቀሰች፤ ድምፅ የሌለው ለቅሶ፣ እሱ ነው የሚገድለው። ስትመለስ ማርቲም ዓይኗን ትጠርጋለች።

"በርበሬሽ እኮ፣ እማዬ!"

"ልመጂው" አለቻት።

እንዲህ እንዲህ ሲል ቀኑ ደረሰ። ዲፌንስ የሚሉትን ፈተና ማርቲ አለፈች። አትጠገብ እልል አለች፤ ሰፈሩም አብሮ እልል አለ፣ ግን ማንም ማንንም አላየም። አመሻሽ ላይ ለአቶ ጎሹ፣ "በቃ፣ ዛሬ እኔ ጋ ታድራለች፤ ነገ ይምጡ" አለቻቸው።

ገና ሳይነጋጋ አቶ ጎሹ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በሩን አንኳኩ። አትጠገብ ልጇ ስትወድቅ ልትይዛት ከኋላዋ ቆመች።

"ማርቲ ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አሉ አቶ ጎሹ። "ወንድምሽ አማኑ..."

ማርቲ አልተቀመጠችም። እሳቸውንም አላየቻቸውም። ዞር አለችና እናቷ ስትወድቅ ልትይዛት ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

ሻሿ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ፀጉሯን ከተላጨች ሰነባብታ ነበር።