«እሷ እንኳ አታስቸግረኝም»

«ደግሞ መጣህ?»

የጥርስ ባለሙያዋ ሲስተር ኢየሩሳሌም ኡሳማን ስታየው ሳቋ መጣ...

አባቱ ጁነይዲ ግን አልሳቀም። ለመሳቅም እኮ አቅም ይጠይቃል።

ሚስቱ ሀዋ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ቀን ቀን ወገዳ ከተማ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ቤት ሲገባ ለሁለት ልጆች አባትም እናትም ነው።

ኡሳማ ደግሞ አያርፍም! በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጥርሱን ተመታ... አንዴ በኳስ፣ አንዴ በድብድብ፣ ዛሬ ደግሞ የትምህርት ቤቱን አጥር ሲዘል።

«ተነቃነቀ እንጂ አልወለቀም። ቶሎ ስላመጡት ይተርፋል» አለች ሲስተር መዝገቧን እየሞላች።

ከዚያ እስክሪብቶዋን አቆመች...

«ጋሽ ጁነይዲ፣ አንድ ነገር ግርም ይለኛል። ዘንድሮ ጥርሳቸውን ተጎድተው የመጡልኝ ተማሪዎች አሥራ ዘጠኝ ወንዶች ናቸው። ሴት ሁለት ብቻ!»

«ምኑ ይገርማል? ሴት ልጅ አጥር አትዘል፣ አትደባደብ... ያቻትልሽ የኔዋ!»

የአሥራ ሦስት ዓመቷ መርዋ የወንድሟን ደብተር ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አድርጋለች... እንደ ሁልጊዜው።

«እሷ እንኳ አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ስትስቅ አፏን ሸፍና፣ ስትበላ ፊቷን አዙራ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ "የጨዋ ልጅ" ይላታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!»

አሁን ሲስተርም መሳቋን ተወች።

«መርዋ... ነይ እስቲ፣ አፍሽን ክፈችልኝ።»

ልጅቷ አባቷን አየት አደረገችና ሻሿን ቀስ ብላ አወረደች...

የላይኛው የፊት ጥርሷ ከግማሹ ተሰብሯል። የቀረው ጠቁሯል። ድዷ መግል ቋጥሯል።

ጁነይዲ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«መቼ ነው?»

«አምና ግንቦት... ክፍል የሚጸዳበትን ውኃ የምንቀዳው ሴቶቹ ነን። የፓምፑ እጀታ አመለጠኝና አፌን መታኝ። ሌሎቹንም መቷቸዋል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ ልጄ?»

መርዋ መሬት መሬት እያየች...

«ልነግርዎት መጥቼ ነበር አባየ። ያን ቀን ኡሳማን ከሕክምና ይዘውት ገቡ። በጣም ደክሞዎት ነበር። ራሴን ዳበሱኝና "አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ እንኳ አታስቸግሪኝም" አሉኝ...»

«እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው።»



ሲስተር እውነቱን ነገረችው። የኡሳማ ጥርስ ይተርፋል፤ የመርዋ ግን መነቀል አለበት። ያኔውኑ መጥታ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር።

«እኔ እኮ... ጨዋነት መስሎኝ...» አለ ጁነይዲ። ዕንባው ቀደመው።

መርዋ ደንግጣ ሻሿን ወደ አፏ ስትመልስ እጇን ያዛት።

«ተይው ልጄ... ከዛሬ ጀምሮ አስቸግሪኝ።»

...

ወዳጆቼ፣ ሁላችንም ደክሞናል። ኑሮው ያደክማል፣ ልጅ ማሳደግም ያደክማል...

ግን የጮኸው ልጅ ይታከማል፤ ዝም ያለችው ትመሰገናለች። መዝገብ ላይ ስማቸው የሌለ ሴት ልጆች ሁሉ አልተጎዱም ማለት አይደለም። አንዳንዴ ምስጋናችን ራሱ አፋቸውን ይዘጋዋል።

እስቲ እናንተ ቤት «እሷ እንኳ አታስቸግርም» የምትባለው ማን ናት? አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችኋትስ መቼ ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሄዳችሁ እዩዋት።