የጉንዳኖቹ በር

ድንጋዩ በሙዚየሙ ፎቅ ላይ ተቀምጧል። በውስጡ የጥንት ጉንዳኖች ድንጋይ ሆነው ቀርተዋል፤ እያንዳንዳቸው ወፍ ያህላሉ። ምሁሩ ዘራቸው ለምን እንደጠፋ ለማወቅ ሦስት ቀን ሲለኩ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ግራ ገባኝ። የገደላቸው ጎርፍ ነው። ግን እነዚህ ሁለቱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ናቸው፤ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ይተርፉ ነበር። መንጋው ሁሉ ከኋላቸው ተሰልፎ አልቋል።»

«አንገታቸውን ምን አስደፋቸው?» አሉ ዘበኛው።

«እሱም አልገባኝም። እግራቸውን ደግሞ ወደ መውጫው ዘርግተዋል።»

በዚህ መሃል ከምድር ቤት የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ። ጭሱ በወለሉ ስንጥቅ መግባት ጀመረ። ሁለቱም ወደ በሩ ሮጡ። በሩ ጠባብ ነው፤ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም።

«ይቅደሙ፣ ዶክተር» አሉ ዘበኛው።

«ኧረ ነውር ነው። ትልቅ ሰው እያለ?»

«እንግዳ ነዎት። የተማሩም ሰው ነዎት።»

«የተማረ ሰው ሽማግሌ ይቀድማል እንዴ? በሞቴ ይለፉ።»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ ሳያልፉ አላልፍም።»

ጭሱ ደረታቸው ደረሰ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ቆመዋል። ምሁሩ ድንገት ወደ ድንጋዩ ዞር ብለው አዩ።

«ጋሼ» አሉ እያሳላቸው፣ «ለምን እንዳለቁ አሁን ገባኝ።»

«ተመስገን። ወጥተው ይጽፉታል። ይቅደሙ።»

«በፍጹም። እርስዎ ይቅደሙ።»