አንድ ዓይነት ስህተት

ሁለቱን የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ኢቢሳን ፊቴ አቁሜዋለሁ። እሱ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነው፣ ጓደኛው ነመራ የከሰዓት። የሰጠኋቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ሄቪ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል አንዴ በቀጥተኛ፣ አንዴ በምሳሌያዊ ፍቺው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ሁለቱም ምሳሌያዊው ቦታ ላይ «የሬሳ ሳጥኑ ከባድ ነበር» ብለው ጽፈዋል። ሳጥን ደግሞ በምሳሌ አይከብድም። ትክክለኛ መልስ ከሁለት ጭንቅላት ሊወጣ ይችላል፤ አንድ ዓይነት ስህተት የሚወጣው ግን ከአንድ ስልክ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለሁለቱም በቀይ ዜሮ ሰጥቻለሁ። ስማቸው ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከደረሰ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተና አይቀመጡም።

«ጥያቄውን ለነመራ በምን ላክህለት?»

«አልላኩም፣ ቲቸር።»

«ሳጥን ሲከብድ ምኑ ነው ምሳሌያዊ?»

ጫማውን ያያል። «ቀላል ነበር።»

«ምኑ?»

«ሳጥኑ። አባቴ ገበያ ውስጥ የቡና ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ በሽታው ጨረሰው። ብቻዬን እንኳ አነሳው ነበር። ግን መካነ መቃብሩ እስክንደርስ ሦስቴ መንገድ ላይ አወረድነው። በእኔ ምክንያት ነው፤ እግሬ አልሄድ አለኝ።»

ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ቀርቶ «የቤት ችግር» ሲለኝ አላመንኩትም ነበር። አሁንም ቶሎ ማመን አልፈልግም። እሱን አስወጥቼ ነመራን አስገባለሁ፤ በሩ ላይ ሲተላለፉ እንዳይነጋገሩ መሃላቸው እቆማለሁ።

«የኢቢሳ አባት ቀብር ላይ ነበርክ?»

«ኤዬ፣ ነበርኩ ቲቸር። አባቱ ኦቦ ጂሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ሳጥኑን ኢቢሳ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበር የያዝነው።»

«ይከብድ ነበር?»

«ባዶ ነበር የሚመስለው።»

«መንገድ ላይ አወረዳችሁት?»

«ሦስቴ።»

«በማን ምክንያት?»

ቀና ብሎ ያየኛል። «በእኔ። እግሬ እምቢ አለኝ። ኢቢሳ ምንም አላደረገም፣ ቲቸር።»

አፈርኩ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ከሁለቱም ዜሮ ፊት አንድ ቁጥር እጨምራለሁ፤ አሥር ከአሥር። ኢቢሳን መልሼ ጠርቼ ለየእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።

በመስኮት አያቸዋለሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። ኢቢሳ ግን ከፊት፣ ነመራ ከኋላ ሆነው፣ በመሃላቸው የአንድ ሰው ቁመት ያህል ትተው፣ እኩል እየተራመዱ ወደ በሩ ይሄዳሉ።