ያልተጠረገ እጅ

«መሬት ላይ ጣይው! የፋቂ እጅ የነካውን እኔ ከመሬት ነው የማነሳው» ብሎ የአንድ ሀብታም እህል ነጋዴ ልጅ ቢቸና ከብት ገበያ መሀል አንባረቀባት፤ ጓደኞቹም ተንከተከቱ። የአስራ ስድስት ዓመቷ የቆዳ ፋቂ ልጅ እንደ ልማዷ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። በገዛ እጇ ሠርታ የሸጠችለትን የጠፍር መጫኛ አቧራው ላይ ልታስቀምጥለት ጎንበስ አለች። ይሄኔ ነው ልጁ አሁን የገዛው ቀይ ወይፈን የታሰረበትን የላስቲክ ገመድ በጥሶ የዞረበት።

ወይፈኑ እንደ ጤፍ ጆንያ አንስቶ አፈረጠው። ደግሞ ወጋው። ጭኑ ተዘነጠለ፣ ደሙ አቧራውን ጭቃ አደረገው። ቅድም ሲያሽካኩ የነበሩት ጎረምሶች ዶሮ መስለው አጥር ላይ ተሰቀሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሽሺ! ይገድልሻል!» አሉ አንድ ሽማግሌ። እሷ ግን መጫኛውን በሸምቀቆ ቀንዱ ላይ ወረወረችና ጫፉን አጠገቧ ባለ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ጠምጥማ አሰረችው። ወይፈኑ ሲፈራገጥ በቀንዱ ፊቷን መታት፣ ከንፈሯ ተተረተረ። መጫኛው ግን ፍንክች አላለም።

«በማርያም አንሺኝ፣ እህቴ!» አለ ልጁ ከመሬት እያቃሰተ።

«አሃ፣ አሁን እህት ሆንኩ?»

እጇ በደምና በቆዳ ሽታ ተለውሷል። ቀሚሷ ላይ ልትጠርገው ጀምራ ተወችው። እንዳለ ዘረጋችለት።

«ያው የፋቂ እጅ ነው። ከቀፈፈህ እዚያው ተኛ።»

በሁለት እጁ ተጠመጠመበት።