ጆሮ የሌለው ከበሮ

«ትራሱን ማነው ያነሳው?» አለች ሱንሊም።

መድረኩ ላይ የተነጠፈው ሰሌን እንዳለ ነው፤ ከበሮ መቺው የሚቀመጥበት ትራስ ግን የለም። በቦታው ጥቁር የድምፅ ማጉያ ተገትሯል። አንድ የሃንጋሪ ቴክኒሻን ጎንበስ ብሎ ገመዱን በፕላስተር ከወለሉ ጋር ያጣብቃል።

የቡዳፔስቱ የኮሪያ ሙዚቃ ፌስቲቫል ሊከፈት አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ከመጋረጃው ጀርባ ከሴኡል የመጡ ወጣቶች ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ይቃኛሉ። ከእነሱ በፊት የምትቀርበው ሱንሊም ናት። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማራገቢያ ይዛ፣ ቆማ፣ ረጅም ታሪክ በዜማ ታወርዳለች፤ እሷ በተወለደችበት በኮሪያ ደቡባዊ ክፍል ገበሬው ሳይቀር በድምጿ ያውቃታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኗ ተቀምጠው ከበሮ የመቱላት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ፒልግዩ።

«ጂህዋን!» ብላ ተጣራች።

የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እየሮጠ መጣ። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ይዘውት መጥተው እዚሁ ያደገ ጎልማሳ ነው።

«መምህር፣ ልነግርዎት ስል ነው የቀደሙኝ» አለ። «ከበሮው በቅጂ ይሆናል። ከድሮው ሲዲዎ ነው የወሰድነው። ጥራቱን ሲሰሙት ይገርምዎታል።»

«በቅጂ?»

«የመቱት እኮ ራሳቸው ጋሽ ፒልግዩ ናቸው። ያኔ የመቱት።»

«ስማኝ ልጄ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ይሄ ሳጥን ይጠብቀኛል? ደስ ብሎኝ ዜማውን ሳስረዝመው ይከተለኛል?» ማራገቢያዋን ማጉያው ላይ አጮኸችው። «ጆሮ የለውም! ከበሮ መቺ መጀመሪያ በጆሮው ነው የሚመታው። ከበሮ አንደኛ፣ ዘፋኝ ሁለተኛ እንደሚባል አባትህ አልነገረህም? ወይስ ሃንጋሪዎቹ ጉላሽ ወጣቸውን ሲያበሉህ ጆሮህንም አብረው ደፈኑት?»

ቴክኒሻኑ ቋንቋው ባይገባውም ፕላስተሩን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

የጂህዋን ፊት ቀላ። «መምህር፣ እኔ እኮ…»

«የሰባ ሁለት ዓመት ሰው አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አውሮፕላን ላይ ጭነህ አምጥተህ፣ ወንበር ላይ ልትጎልታቸው? ለፎቶ ነው? አታፍርም?»

«ተዪው ልጁን» አለ ከጎን የመጣ ድምፅ።

ጋሽ ፒልግዩ ነበሩ። ነጩን ካባቸውን ለብሰው፣ ቀኝ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው፣ መጋረጃው ጥግ ቆመዋል።

«በቅጂ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሱንሊም በስህተት የሰማች መሰላት። ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ሊያቆሟቸው ሲሞክሩ ጭራሽ ባሰባቸው።

«ከክረምቱ ጀምሮ ነው» አሉ። «ምቱ ይሾልከኛል። ልምምዱን ጉልበቴን አመመኝ እያልኩ የቀረሁት ለዚህ ነው። ሰው ፊት ከማዋርድሽ ብዬ ልጁን ለመንኩት። እንዳይነግርሽ ያስማልኩትም እኔ ነኝ።»

ልጁ ላይ ሲነድ የቆየው ቁጣዋ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ለሱ ነገርከው» አለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት «እርስዎ» ሲል ከኖረ አፍ «አንተ» ወጣ። ጂህዋን አንገቱን ደፋ። ጋሽ ፒልግዩ ግን ቀና እንዳሉ ቀሩ።

«ለማታውቀው ልጅ ነገርከው! እኔ የባቄላ ቡቃያ ሾርባ ተሸክሜ በርህ ላይ ስመላለስ፣ ጉልበቴን አልከኝ!»

«ሱንሊም፣ እንዳታዝኚልኝ ብዬ…»

«ማን ያዝንልሃል? የኔስ ድምፅ የድሮው ነው እንዴ? ከፍ ስል እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ እንደምል አንተ አጥተኸው ነው? እንግዲያው እኔም በቅጂ ልዝፈና! ሁለታችን ቤታችን እንተኛና ሁለት ሳጥን እንላክላቸው!»

ጎንበስ ብላ ፕላስተሩን ከወለሉ ገሸለጠችው። ገመዱን ነቀለች። ማጉያውን በሁለት እጇ ገፍታ፣ የቀሚሷ ጫፍ ስሯ እየተጎተተ፣ ከሰሌኑ ላይ አወረደችው።

«መምህር፣ ፕሮግራሙ…» አለ ጂህዋን።

«ትራስ!»

ልጁ ሮጠ።

«ምቱ ቢጠፋብኝስ?» አሉ ጋሽ ፒልግዩ ቀስ ብለው።

«ይጥፋብህ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞርላቸው።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሱንሊም በበረዶ ውስጥ ልጇን የምትፈልገውን እናት ታሪክ ጀመረች። ንዴቷ አልበረደም፤ ድምጿ ሻክሮ፣ ከደረቷ ተቦጭቆ ወጣ። ሽማግሌውን አንዴም አላየቻቸውም። የመጀመሪያውን ክፍል አብረዋት ዘለቁ፤ ሁለተኛውንም።

ሦስተኛው ላይ እናቲቱ የልጇን ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት፣ መምቻው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምቱ የለም።

ሱንሊም ቃሉን ከመሃል ቆረጠችው። ዞረች። ፊት ረድፍ የተቀመጠው ጂህዋን ዓይኑን ጨፈነ።

የሽማግሌው እጅ ከበሮው ላይ ይርገበገባል። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል። እሷ አልተጠጋቻቸውም፣ አልሳቀችላቸውም፤ ቅንድቧን ቋጥራ አፈጠጠችባቸው። ስድስት መቶው ሰው ዝምታው የታሪኩ ክፍል መስሎት ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት ሴት ከኋላ ማልቀስ ጀመረች።

መምቻው ወረደ፤ ዘግይቶ፣ ጠርዙን ብቻ ነክቶ።

ሱንሊም ዓይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል፣ ግማሹ አፏ ውስጥ የቀረውን ስም ከቆረጠችበት ቀጠለችው።